ከምንጣፉ ሥር ያለችው ንግሥት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1979

አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ ዘገየ። አላሜዳ የማጸዳበት ቤት ስደርስ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሚስተር ሃሎዌይ እንዲህ ናቸው... ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፣ ደቂቃ ግን አያልፋቸውም። ቅር ብሏቸው ይሆን? «ጉድ ሞርኒንግ፣ ኢጂ» ብቻ አሉኝ። እጅጋየሁ ማለት ካቃታቸው ይኸው አምስት ወር።

መስኮቶቹን ወለወልኩ። ሁለቱን መታጠቢያ ቤት አጠብኩ። ሻይ ሳቀርብላቸው ቁጭ በይ አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ምን ታያቸው? ያቺን ከፋይ የለበሰች የሳንቲም ሣጥን ከፈቱ። አቧራዋን ስጠርግ ኖርኩ እንጂ ውስጧን አይቼ አላውቅም። ሟች ባለቤታቸው ዶሮቲ በሠርጋቸው ቀን የሰጠቻቸው የእንግሊዝ የብር ሳንቲም አለች። ከኳርተር፣ ከአሜሪካው ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሰፋ ትላለች፣ ግን ስስ ናት፣ ጠቁራለች፣ ዙሪያዋም ወጣ ገባ ነው። ድሮ ሌቦች ጠርዟን እየከረከሙ ብሩን ይወስዱ ነበር አሉኝ። ንግሥት አለችባት፣ ዘውድ የደፋች፣ አንገትጌዋ ጆሮዋ ድረስ የቆመ። ከጭንቅላቷ ኋላ አንዲት ጽጌረዳ። በጀርባው ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ 1572 የሚል ዓመት፣ ዙሪያውን ደግሞ በላቲን «እግዚአብሔርን ረዳቴ አደረግሁ» የሚል ጽሑፍ።

ጽጌረዳዋ ለጌጥ መስላኝ ነበር። ለካ ለጥርጣሬ ናት። ይቺ የስድስት ፔንስ ሳንቲም ናት፤ ባለ ስድስቷም ባለ አራቷም ላይ ያቺው ንግሥት ናት ያለችው፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። ሰው ሰውን እንዳያታልል ስድስቷ ላይ ጽጌረዳ አደረጉባት። የሽልንግ ግማሽ ናት ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ሽልንግ የኛ ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ንግሥቲቱ ራሷ ጽጌረዳዋን አታያትም። ከኋላዋ ናት...

ግን ለምን አሳዩኝ? አምስት ወር ሙሉ ያላሳዩኝን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አገኘኋት።

ሳሎን፣ ከወንበራቸው አጠገብ፣ የምንጣፉን ጥግ ብገልጥ... ንግሥቲቱ ጎኗን ሰጥታ ተኝታለች። እጄን ልዘረጋ ብዬ ሰበሰብኩት። ሰኞ አሳይተውኝ ዓርብ ከምንጣፍ ሥር? ይህን ጨዋታ ለማን ነው የሚያስተምሩት? አዲስ አበባ ቤትና ሠራተኛ ሳለኝ፣ አዲስ ልጅ በገባች ቁጥር ከሳሎኑ ምንጣፍ ጥግ ሥር ሽልንግ አስቀምጥላት ነበር። እናቴም ታደርገው ነበር፣ ጎረቤቶቼም። አንስታ ካመጣችልኝ ታማኝ ናት። ካላመጣች በሩ ያውና።

አንስቼ ብሰጣቸውስ? «ጎበዝ፣ አለፍሽ» ሊሉኝ? በሃምሳ ሁለት ዓመቴ? አልፈተንም። ጥጉን መልሼ አለበስኩት፣ ዙሪያውን ጠረግሁ፣ ወጣሁ። ዝም አይነቅዝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ለወይንሸት ነገርኳት። የባሌ የእህቱ ልጅ ናት፣ ኦክላንድ አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረን ነው የምንኖረው። ሆቴል ትሠራለች፣ ፈረንጅ አውቃለሁ ባይ ናት።

«አክስቴ፣ እነሱ እንደዛ አያደርጉም። ድሮፕ አድርገውት ነው። ጀስት ንገሯቸው።»

«ድሮፕ ያደረጉት ከምንጣፍ ሥር ይገባል? በእግሩ ሄዶ?»

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ» ብላ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። በሕይወቴ የሰው ነገር ነክቼ አላውቅም። መጠርጠርና መስረቅ አንድ ነው እንዴ?

ይባስ ብላ ሌላ ነገር አመጣች። ሳን ሆዜ ሠርግ ላይ ሸዋረጋን አግኝታታለች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች፣ ስልኳም ይኸው። ሸዋረጋ... በስድሳ ስድስት ዓ.ም. ያባረርኳት ሠራተኛዬ። አሁን ምን ፈልጋ ነው ሰላም የምትለኝ? ስንቱ ሰው ፊት ስሜን አንስታው ይሆን? ቁጥሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አሁንም እዚያው ናት። አልነካኋትም።

እየተከታተሉኝ ነው። ከክፍል ክፍል ስሄድ ምርኩዛቸው ከኋላዬ ኳ ኳ ይላል። መኝታ ቤት አልጋ ሳነጥፍ በሩ ላይ ቆሙ፣ አፋቸውን ከፈቱ... መልሰው ዘጉት። ኋላ ስወጣ ኮት መስቀያው ዘንድ ናቸው፣ እጃቸው ኪስ ውስጥ። የራሳቸው ኮት ኪስ ነው። የኔ ኮት ግን አጠገቡ ነው የተሰቀለው። ታዲያ ሲያዩኝ ምነው ደነገጡ?

አውቶቡስ ላይ ሸዋረጋ ትዝ አለችኝ። ሁለት ጊዜ ሽልንጉን አምጥታ ሰጥታኛለች፣ «እትዬ፣ ወድቆ አገኘሁት» ብላ። በሦስተኛው አላመጣችም። ብገልጥ ሽልንጉ እዚያው አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ እዚያው። ገባኝ። ነቅታብኛለች፣ በሆዷ እየሳቀችብኝ ነው። የነቃች ሠራተኛ ከሌባ ትብሳለች ብዬ አሰናበትኳት። ለባሌ ግን «ሰነፍ ናት፣ ምንጣፍ ገልጣ አትጠርግም» አልኩት። ለሷም እንዲሁ።

ዛሬ እኔም አውቄ እያለፍኩት ነው። ከሠራተኛዬ ተማርኩ ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ አፍ አውጥተው መጡ። «ኢጂ፣ ስትጠርጊ ምንጣፎቹን ትገልጫቸዋለሽ?»

ይኸው። «ኦልዌይስ» አልኳቸው፣ ሁልጊዜ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። «ኦል ዘ ኮርነርስ።» ጥጉን ሁሉ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ሲያዩ ዋሉ፣ ሻያቸው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። የተነቃበት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው?

ከመውጣቴ በፊት እኔም የራሴን ፈተና አዘጋጀሁላቸው። የምንጣፉ ጥግ ላይ ነጭ ክር ጣል አደረግሁ። ገልጠው የሚያዩ ከሆነ ክሩ ቦታውን ይለቃል። እስቲ እናያለን ማን ማንን እንደሚፈትን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ክሩ የለም። ጥጉም ተገልጦ እንደገና የለበሰ ይመስላል፣ ተጨማዷል። ሳንቲሟ ግን አለች። እየገለጡ፣ መኖሯን እያዩ፣ መልሰው ይሸፍኗታል። ለወይንሸት ብነግራት «አክስቴ፣ ክር?» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ክር፣ አዎ። ምን አለበት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ልጃቸው ኬረን ከኮንኮርድ መጣች። ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። «ዳድ፣ ባለፈው ወር ቁልፍህን ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት» ትላለች። እሳቸው «እጄ ላይ ነበረች፣ ወንበሩ ላይ ሆኜ እያየኋት ነበር» ይላሉ። ያንኑ ደግመው፣ ደግመው።

ኋላ ወደ እኔ መጣች። የእናቷ ሳንቲም ጠፍታለች። አባቷ ከወንበሩ ነው የወደቀችው ብለው ድርቅ ብለው ነበር። ኋላ ግን ኢጂ ጥጉን ሁሉ ገልጣ ነው የምትጠርገው፣ ወድቃ ቢሆን ታገኛት ነበር ብለው ራሳቸው ተውት። አሁን የት እንዳደረጓት አላውቅም ይላሉ። «አንቺን እንዳልጠይቅሽም ከልክሎኝ ነበር» አለችኝ። «ሌባ ያልናት ይመስላታል፣ ትቀየማለች ብሎ።» ከታንክስጊቪንግ በዓል በፊት ኮንኮርድ የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ልታስገባቸው ነው። ይሄ ቤት ይሸጣል። እሳቸው ከዚህ ቤት በሬሳ ካልሆነ አልወጣም ይሉ ነበር፣ አሁን እሱንም ትተዋል።

ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ፈተና አልነበረም። ኪስ መበርበሩ፣ ከኋላዬ መሄዱ... ፍለጋ ነበር። እሳቸው ጎንበስ ማለት አይችሉም። ጥጉን ገልጬ ልፈልግላቸው የምችለው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ኦልዌይስ አልኳቸው።

ለኬረን ምን መለስኩላት? «ሶሪ» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ልነግራቸው ሄድኩ። ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

«እስካሁን የት ነበርሽ?» ቢሉኝስ? ሁለት ሳምንት ዙሪያዋን ስጠርግ ከረምኩ ልበላቸው? ማን ያምነኛል? እኔ ብሆን አላምንም። ሰርቃ፣ መሸጥ አቅቷት መለሰች ነው የምለው። በሽልንግ ሰው ያባረርኩ ሴትዮ ነኝ፣ ፍርዱን አውቀዋለሁ። ደግሞ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል?

የክሩ ነገር ግን ተገለጠልኝ። ከወንበራቸው ሲነሡ ምርኩዛቸው የምንጣፉን ጥግ ይይዘውና ይገለበጣል። ሲመለሱ በእግራቸው ገፍተው ያለብሱታል። ዓይኔ እያየ ሁለት ጊዜ አደረጉት፣ ራሳቸው አላወቁም። ሳንቲሟም ወድቃ የተሸፈነችው እንዲሁ ነው። በእግሩ ሄዶ ብዬ ቀልጄ ነበር...

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሽማግሌው ዛሬ ሰዓታቸውን አላዩም። አርፍጄ ነበር፣ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ኬረን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

አነሣኋት። እጅ ላይ መኖሯ እንኳን አይታወቅም። ቦታዋ ልመልሳት ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ከዚያ ጥቁረቷን አየሁ። የሰው ብር እንዲህ ሆኖ ይመለሳል? እናቴ የአንገት መስቀሏን ለፋሲካ በሎሚና በአመድ ነበር የምታሸው። ሎሚው ጓሮ አለ፣ አመዱ እሳት መሞቂያው ውስጥ። አሸኋት። የንግሥቲቱ አፍንጫ ወጣ፣ የአንገትጌዋ ሽብሽብ ወጣ፣ ጽጌረዳዋም ቅጠል በቅጠል። ጀርባዋን ሳዞር «እግዚአብሔርን ረዳቴ አደረግሁ» ያሉኝ ፊደል ሁሉ ፍንትው አለ። ከዳዊት የወሰዱት ይመስላል። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ቦታዋ ላይ አስቀመጥኳት። ያገኟታል፣ ነገሩ ያበቃል፣ እኔንም የሚጠይቀኝ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስገባ ኬረን ሳሎን ናት። ጠረጴዛው ላይ የቤቱ መሸጫ ወረቀትና እስክሪብቶ። ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ሳንቲሟ አባቷ መዳፍ ላይ ናት።

«አየህ ዳድ? ቦታዋ ነው ያለችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ ነበረች፣ እያየሃት አላየሃትም።» አልተቆጣችም። ለሕፃን እንደሚነገር፣ ቀስ ብላ ነው። ያ አነጋገሯ ነው የባሰው።

«ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ። «የኔዋ ጥቁር ናት።»

የኬረን ዓይን እንባ ሞላ። «አሁን ደግሞ ያንተ አይደለችም?»

ወደ መስኮቱ አዞሯት። አፍንጫቸው ድረስ አስጠጓት። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሡ። «ሊሆን ይችላል» አሉ። «አይቻት ሳላያት ቀርቼ ይሆናል።»

ምን አደረግሁ እኔ? ሳንቲሟን መለስኩላቸው ብዬ አእምሯቸውን ወሰድኩባቸው።

«አጠብኳት» አልኩ። ሁለቱም ዞሩ። «በሎሚና በአመድ። እኔ ነኝ። ከምንጣፉ ሥር ነበረች፣ ከወንበርዎ አጠገብ። እርስዎ ልክ ነበሩ።» እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ ግን አላቆምኩም። ሦስት ሳምንት አይቼ እንዳለፍኳት፣ የሚፈትኑኝ መስሎኝ እንደነበር፣ ያ ኦልዌይስ ውሸት እንደነበር፣ ሁሉንም አወጣሁት።

ኬረን ብድግ አለች። «ሦስት ሳምንት? ሲፈልግ እያየሽው?» «ቁልፉን አስቀምጪ» አለች። አስቀመጥኩ። አልፈርድባትም። እኔ ከዚህ ባነሰ አባርሬአለሁ።

ሽማግሌው አላዩኝም። ሳንቲሟን ጨብጠው «ከወንበሩ ወድቃለች ብዬሽ ነበር፣ ኬረን» ይላሉ። «ብዬሽ ነበር።» ወረቀቱ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ወደ ኦክላንድ በሚወስደው ዋሻ ሲያልፍ አለቀስኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሲነቅዝ አየሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ጠዋት ልብስ እያጠፍኩ ስልክ ጮኸ።

«ኢጂ፣ አሥር ደቂቃ አልፏል።»

ምን ፈልገው ነው? ልቤ ወዲያው ወጥመድ ማሽተት ጀመረ... አመል አይለቅ። «ኬረን እኮ ቁልፉን...» አልኩ።

«ቤቱ የኔ ነው። ገና የኔ ነው» አሉ። ከዚያ «አበላሽተሻታል፣ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለ ሳንቲም አይታጠብም። ያ ጥቁረት የአራት መቶ ዓመት ነበር። አሁን ማንም አይገዛትም።»

የብር ጥቁረት የሚወድ ሕዝብ እንዳለ በምን ልወቅ? ይቅርታ አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ ኬረን አትሸጣትም ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ሎሚ ሎሚ ሸትቶኝ ነበር። እሱንም ጭንቅላቴ ነው ብዬ ተውኩት። ጽጌረዳዋን ደግሞ በደንብ ያየኋት ገና አሁን ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ልጠይቅሽ ነበር። እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው የተውኩት።»

«እኔም ልነግርዎት ነበር» አልኩ።

ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከሁሉ በፊት የምንጣፉን አራቱንም ጥግ ፊታቸው ገለጥኩ። ከእንግዲህ ኬረን ረቡዕ ረቡዕ እየመጣች ታየናለች አሉኝ። ትምጣ። ትከታተለኝ፣ መብቷ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የሸዋረጋን ቁጥር ከመሳቢያው ያወጣሁት ሐሙስ ነው። ስትመልስልኝ ድምፅዋን አወቅሁት።

ዛሬ ወይንሸት በመኪናዋ ሳን ሆዜ ወሰደችኝ። አገር ቤት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። እኔ ኬክ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን አጠና ነበር።

በሩን የከፈተችልን ልጅ ናት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ ያላት። ሰላም አልኳት፣ «ሃይ» አለችኝ። ዝም ከምል ብዬ ስንት ዓመትሽ ነው አልኳት። «ትዌልቭ» አለችኝ፣ አሥራ ሁለት። «ማም፣ ዴይ አር ሂር» ብላ መምጣታችንን ለእናቷ ተጣራች።

ሸዋረጋ እጇን እያደረቀች መጣች። «እትዬ» ብላ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ያዝኩ። እትዬ አትበይኝ አልኳት። «ምን ልበልዎት ታዲያ?» አለችኝ።

ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ሽልንጉን ልፈትንሽ ነው ያስቀመጥኩት፣ ሁለቴ አመጣሽልኝ፣ ሦስተኛውን አውቀሽ ተውሽው፣ ስለነቃሽብኝ ነው ያባረርኩሽ፣ ስንፍና አልነበረብሽም፣ ዋሸሁብሽ...

ትክ ብላ አየችኝ። «የቱን ሽልንግ?»

«ሦስተኛውን። የተውሽውን።»

«ሦስተኛ አላየሁም፣ እትዬ።» ልጅቷ ወዳለችበት ዞር ብላ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያኔ እኮ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ነበር። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። እንዳያውቁብኝ ሆዴን በመቀነት ጥብቅ አድርጌ አስር ነበር። ምንጣፍ መግለጥ አልቻልኩም፣ ላይ ላዩን ጠርጌ አልፋለሁ። ሰነፍ ነሽ ሲሉኝ እውነታቸውን ነው ብዬ ነው የወጣሁት።»

«የት ሄድሽ ታዲያ?»

«ሜዳ ላይ አልወለድኩም፣ ተመስገን» አለች። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም።

ከምንጣፍ ሥር ያለ ሽልንግ የሚያይ ዓይን ነበረኝ። እርጉዝ ሴት በየቀኑ ፊቴ ስትመላለስ አላየሁም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ነቅታብኝ ነበር እያልኩ...

ልጅቷ ኬኩን ቆርሳ የመጀመሪያውን ሳህን ለኔ አመጣች። «ለእናትሽ ስጪ» አልኳት። እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ «ኦኬ» ብላ ወሰደችላት።